ሉካንዳ ቤት ያደረው ድጓ

ወንድሜ የኮምፒውተሩን የጎን ክዳን ፈትቶ ሲያነሳው መጀመሪያ የወጣው ሽታው ነው። የአይጥ ሽንትና የተቃጠለ አቧራ። ከታች፣ ሽቦዎቹ ከተጠላለፉበት ጥግ፣ አይጧ ከእናቴ ቅርጫት የሰረቀችውን ባዘቶ ደልድላ ጎጆ ሠርታበታለች። እናቴ ይበርደዋል ብላ ነው መሰል ዓመቱን ሙሉ ማሽኑን በጥልፍ ልብስ ትሸፍነው ነበር፤ አይጧም ሙቀቱን ወደደችው። ቀፈፈኝ። እኔ ድሮም ተጸያፊ ነኝ፤ ሰው በበላበት እጁ ብርጭቆ ሲያቀብለኝ ጥማቴ ይጠፋል።

ወንድሜ ግን ደስ አለው። "በሽታው ይኼው ነው" ብሎ ጎጆውን ይዝቀው ጀመር፤ ያውም በእኔ የወጥ ማንኪያ። ጥሬ ሥጋ የሚመስሉ ዓይናቸው ያልተገለጠ ግልገሎች አብረው ወጡ። ማንኪያውን እዚያው ቆሻሻ ላይ ጣልኩት፤ አጥቤ ልበላበት ነው እንዴ። እሱ ሚሞሪውን ነቅሎ በላጲስ ፈተገው፣ ገመዶቹን ነቅሎ ሰካ፣ ማብሪያውን ተጫነ። ማራገቢያው ዞረ። ስክሪኑ ላይ ግን ማስነሻ አላገኘሁም የምትል አንድ መስመር እንግሊዝኛ ብቻ መጣች፤ ከውስጥም ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ።

"ሃርድ ዲስኩ ነው" አለ ወንድሜ፣ አሁን ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

እናቴ ከመደቧ ላይ ሆና "ተነሣ?" አለች። ዓይኗ ከደከመ ቆይቷል፤ የምታውቀው በጆሮዋ ነው።

"ገና ነው እማዬ።"

እዚያ ማሽን ውስጥ ሌላ የሚያሳዝን ነገር አልነበረም። የነበረው አባታችን ነው። የድጓ መምህር ነበር፤ በደህናው ጊዜ አንድ ተማሪው ቴፕ ይዞ መጥቶ ዜማውን በካርቶን ሙሉ ካሴት ቀድቶለታል። ከሞተ በኋላ ወንድሜ ካሴቶቹን ኮምፒውተሩ ላይ ገለበጣቸው። ከዚያ ወዲህ እናቴ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ በርጩማዋን ወደ ስፒከሩ ታስጠጋለች። ዜማውንማ ቤተ ክርስቲያንም ትሰማዋለች። እሷ የምትጠብቀው አባቴ መሃል ላይ አቋርጦ ተማሪውን የሚቆጣበትን ቦታ ነው። "መልስ! እንደ እረኛ ከብት አትጥራ!" ሲል ትስቃለች፤ ከሱ ጋር የኖረችው በቁጣው ነዋ።

"ካሴቶቹስ?" አልኩት ወንድሜን።

"ለአጎታችን ሰጠኋቸው።"

"ገበሬ ካሴት ምን ያደርግለታል?"

"ለወፍ" አለኝ።

የካሴቱ ክር ማሳ ላይ ሲወጠር በነፋስ ይጮሃል፣ ወፉም ይሸሻል። አገሩ ሁሉ የሚያደርገው ነው፤ እኔም አውቀዋለሁ። በአባቴ ካሴት ይደረጋል ብዬ ግን አላሰብኩም ነበር። ወንድሜን ከአይጦቹ ይልቅ ተጸየፍኩት።

ሃርድ ዲስኩን ይዤ መናኸሪያው አጠገብ ወዳለው ጥገና ቤት ሄድኩ። ጠጋኙ ሳንቡሳ እየበላ ነበር። ዘይት በጠጣ ጣቱ ተቀብሎ ጆሮው ላይ ለጠፈውና "ይኼ ብርድ ነው የሚፈልገው። ፍሪዘር ውስጥ ካደረ አንዳንዴ ለትንሽ ጊዜ ይነሣል፤ ያኔ ቶሎ እንገለብጥልዎታለን" አለኝ። ፍሪዘር ግን የለውም። ያለው ጎረቤቱ ሉካንዳ ነው። በፌስታል ጠቅልሎ ይዞት ገባ፤ እኔም አልከለከልኩትም። ተስፋ ያለው ሰው ምን የማይውጠው ነገር አለ።

በማግሥቱ ሥጋ ሻጩ ፍሪዘሩን ከፍቶ ጨጓራ አነሣ፣ ምላስ አነሣ፣ ከሥር የእኛን ፌስታል መዞ አወጣ። የረጋ ደም በረዶ ሆኖ ተጣብቆበታል። አባቴ በጾም ቀን በሉካንዳ በር ላለማለፍ መንገድ ያዞር የነበረ ሰው ነው። ጠጋኙ ደሙን በሱሪው ጠረገና ሰካው። ቀጭ አለ። ቀጭ አለ። ከዚያ ምጣድ በቢላ ሲፋቅ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ አሰማና ጸጥ አለ።

"አልቋል" አለኝ። "ሌላ ቦታ ኮፒ ማስቀመጥ ነበረብዎት።"

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ጥሬ ሥጋ የሚሸተውን ብረት ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ወጣሁ፤ አጎቴ ወዳለበት ወደ ደብረ ኤልያስ የሚሄደው ሚኒባስ ላይ ተሳፈርኩ። አንድ ካሴት ተርፎ ይሆናል ብዬ ነው። ለእናቴ አንዲት ቁጣ ትበቃት ነበር።

አጎቴ ገና ከበሩ ላይ ሲያየኝ ምን እንደፈለግሁ ነገርኩት።

"ካሴቶቹ? አሉ፣ አሉ እንጂ" አለኝ። "ነይ ላሳይሽ።"

ቤት ያስገባኛል ስል ቤቱን አልፎ ወደ ማሳው ወሰደኝ። ስንዴው ደርሷል። ከእንጨት እንጨት፣ ከዳር እስከ ዳር፣ ፀሐይ ያነጣው ክር ተወጥሯል፤ ነፋስ ሲመታው ዝዝ ይላል።

"ሁሉንም?" አልኩት።

"ሁሉንም። ማሳው ሰፊ ነው።" ፊቴን አይቶ ግራ ገባው። "ድምፁ ወጥቶ ኮምፒውተሩ ውስጥ ገብቷል፣ ይኼ ገለባው ነው ብሎ ነው እኮ ወንድምሽ የሰጠኝ። የወንድሜን ድምፅማ ለወፍ እሰጣለሁ ልጄ?"

ክሩን አየሁት። ወፎቹ ላዩ ላይ ተደርድረው ተቀምጠዋል።

"አይፈሩትም እንዴ?"

"መጀመሪያ ጊዜማ በሩቁ ነበር የሚሸሹት። ኋላ ለመዱት።"

ሪዛም ደብተራ ፊቱ ቆሞ የሚያልበው ሰው ነበር አባቴ። ወፎቹ ተቀምጠው ይኮሱበታል። በእጄ የቻልኩትን ያህል በጥሼ ጠቀለልኩ፤ ኩሱና የክሩ ዝገት መዳፌን ቡናማ አደረገው። አጎቴ ለእጄ ውሃ አመጣልኝ። አልታጠብኩም።

ቤት ስገባ እናቴ "መጣ?" አለችኝ። ጥቅልሉን እጇ ላይ አስቀመጥኩላት፤ የሆነውን ሁሉ ነገርኳት። በመዳፏ መዘነችው።

"ያ ሁሉ ቁጣው ይቺን ብቻ ነው የሚያክለው?" አለች።

ከዚያ እኔ እንኳ ስነካት እጄን ታጥቤ እንደሆነ የምትጠይቅባትን፣ የቤተ ክርስቲያን ነጠላዋን ሳበች፤ ጥቅልሉን ከነኩሱ በጫፏ ቋጠረችው።