ማሽኑ ያላሰማው ድምፅ

የወርቅውሃ ከወሎ በሰፈራ መጥታ አሶሳ የገባችው በ1977 ነው። በመጀመሪያው ክረምት ወባ ሁለት ወንዶች ልጆቿን በአንድ ሳምንት ወሰደባት። ለቀብር የወጣው ሰው ሲያለቅስ እሷ ቆማ ታይ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስታለቅስም ስትስቅም ያያት የለም። ታበስላለች፣ ታርማለች፣ የታመመ ትጠይቃለች፤ ወሬ ግን ተወች። ባሏ አምባውም ለመደው።

ሕብረት የተወለደችው ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። ሰባት ዓመት ሲሞላት ማጅራት ገትር ያዛትና ለጥቂት ተረፈች። ከበሽታው ስትነሣ ግን ቢጠሯት አትመልስም። እናቷ አልደነገጠችም፤ ልጄም እንደ እኔ ዝምተኛ ወጣች ብላ አሰበች።

ክልሉ አዲስ የተቋቋመበት ሰሞን ነበርና የወርቅውሃ በከተማው ከተከፈቱት ቢሮዎች በአንዱ በጽዳት ተቀጠረች። አንድ ቀን ልጅቷን ይዛት ሄደች። የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ ኢቲዳል የበርታ ተወላጅ ናት፤ አማርኛዋ ወንድና ሴት አይለይም። ሕብረትን ከኋላዋ ሆና ደጋግማ ጠራቻት፣ አጨበጨበችም።

«ልጅሽ ዝምተኛ አይደለም፤ አይሰማም» አለቻት። «ሐኪም ጋ ውሰጂው።»

ለአዲስ አበባ ሐኪም የሚሆነውን ደብዳቤ ኢቲዳል ራሷ አስጨረሰችላት። እናትና ልጅ ሁለት ቀን በአውቶቡስ ተጓዙ። ሐኪሙ ደረት ላይ የሚንጠለጠል፣ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ትንሽ ሣጥን መሰል የመስሚያ ማሽን ሰጣት፤ ከሣጥኑ የሚወጣው ሽቦ ጆሮዋ ውስጥ ይገባል። እናትየዋን ከኋላ አቁሞ ልጅሽን ጥሪያት አላት። ጠራቻት። ሕብረት ዞረች።

ሐኪሙ እናትየዋ እንድታለቅስ የጠበቀ ይመስላል። እሷ ግን የጠየቀችው፣ «ዝናብ ይነካዋል?» ብላ ነው።

አሶሳ ሲመለሱ ለሣጥኑ ከነጠላ ቅዳጅ የደረት ኪስ ሰፋችለት። በትምህርት ቤት ልጆቹ ራዲዮ መስሏቸው ዜናው ስንት ሰዓት ነው እያሉ ቢያስቸግሯትም ሕብረት ትምህርቷን ቀጠለች። አስተማሪዋን፣ አባቷን፣ ጎረቤቱን መስማት ጀመረች። ክረምት ሲገባ ግን ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ጩኸቱ ስላስጨነቃት ማሽኑን አወለቀችው። ዝናቡ አባርቶም አላደርግም አለች። እናቷ ምክንያቷን በምልክት ጠየቀቻት።

«ተበላሽቷል» አለች ሕብረት። «የሁሉንም ሰው ያሰማኛል፤ ያንቺን ግን አያሰማም።»

የወርቅውሃ ሽቦውን አገላብጣ አየች። ማሽኑ ደህና ነበር፤ መልሳ አደረገችላት። ልጇ ፊት ቁጭ ብላ ምን እንደምትናገር ብታስብ የሚመጣላት ነገር አጣች። ስለዚህ የምትሠራውን መናገር ጀመረች። ሽንኩርት እየላጥኩ ነው፤ እንጨቱ ረጥቧል፤ አባትሽ ከእርሻ አልመጣም። ድምፅዋ ለራሷም የሌላ ሰው ድምፅ መሰላት። በሦስተኛው ቀን የምትለው ሲያልቅባት የሁለቱን ወንድሞቿን ስም ነገረቻት። ሕብረት ወንድሞች እንደነበሯት አታውቅም ነበር። ማን ይበልጥ ነበር፣ ምን ይወዱ ነበር እያለች ስትጠይቅ እናቷ አንድ በአንድ መለሰችላት።

ከዓመታት በኋላ ኢቲዳል፣ የልጆቹን ስም ያነሣሽ ቀን ምን ተሰማሽ ብላ ጠየቀቻት።

«ምንም» አለች የወርቅውሃ። «ማውራቱን ግን አልተውኩትም።»

ያ ማሽን አምስት ዓመት አገልግሎ ሽቦው ተበጠሰ፤ ሁለተኛው የተገኘው ከዓመት ጥበቃ በኋላ ነው። በመካከሉ ሕብረት ከንፈር ማንበብ ተማረች። ዛሬ በባምባሲ ከተማ ልብስ ትሰፋለች። እናቷ ልትጠይቃት ስትሄድ ፊት ለፊቷ ተቀምጣ የመንገዱን ወሬ ትነግራታለች።