የቀኙ ወንበር

አጎቴ፣ የፒካፓችን ሾክ አብዞርበር በተቀየረ ቁጥር እርስዎ ካልተቀመጡባት ከፍታዋ አይስተካከልም ነበር። አሰላ ጋራዥ ውስጥ ካፖርትዎን እንደለበሱ ከጎኔ ቀኙ ወንበር ላይ ይወጡና መካኒኩን "ባዶውን የተስተካከለ መኪና ሰው ሲገባበት ያነክሳል፤ እኛን ተሸክማ ትስተካከል" ይሉት ነበር። ግዙፍ ስለነበሩ መካኒኩ በእርስዎ በኩል ያለውን ጎን ትንሽ ከፍ ያደርገው ነበር። እርስዎ ሲቀመጡ እኩል ትሆናለች።

ከአርባዎ በኋላ ስንዴ ላመጣ ሳጉሬ ብቻዬን ሄድኩ። መኪናዋ መንገዱን ሁሉ ወደ እኔ እንዳዘነበለች ነበር። ትናንት ሾክ አብዞርበሩ ዘይት ማፍሰስ ጀመረና ጋራዥ ወሰድኳት።

መካኒኩ አዲስ ልጅ ነው፤ እርስዎን አያውቅም። አሮጌውን ከቀየረ በኋላ ራቅ ብሎ አያትና፣ "እህቴ፣ ቀኙ ለምን ከፍ አለ? ሁልጊዜ የሚቀመጥበት ሰው አለ እንዴ?" አለኝ።

ወንበሩን አየሁት። "የለም" አልኩት። "ባዶውን አስተካክላት።"

ከፍታዋን የሚያስተካክለውን ቡሎን አላላና ቀኙን ዝቅ አደረገው። ሁለት ደቂቃም አልፈጀበት። ዛሬ በራችን ላይ ቀጥ ብላ ቆማለች፤ ለሚያያት ሰው ማንም አልጎደለባትም።

ይቅር ይበሉኝ፣ አጎቴ።