በሁለት ዓይን የተሣለው ኃጥእ

በየማለዳው ሥራ ከመጀመራቸው በፊት በአውራ ጣታቸው ጥፍር ላይ አንዲት ዓይን ይሥሉና በሱሪያቸው ጉልበት ይጠርጓታል። ጉደር ከእኔ ጋር በአንድ ግቢ ተከራይተው የሚኖሩ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ናቸው፤ ደጃቸውን የሚያንኳኳ ሰው አይቼ አላውቅም። በረንዳው ላይ የወጠሩት ሸራ የፍርድ ቀን ነው። እንደ ደንቡ ጻድቃን ከፊት በሁለት ዓይን፣ ኃጥአን በጎን በአንድ ዓይን ይሣላሉ። ከኃጥአኑ መካከል ግን አንድ ወጣት በሁለቱም ዓይኖቹ ያየኛል።

«ተሳስተው ነው፣ ጋሼ?» አልኳቸው ቀስ ብዬ።

«አንቺ ዓይን አፋር፣ አንቺ ነሽ ደግሞ ያየሽው?» ብለው ሳቁና ወደ ሸራው ዞሩ። «ልጄ ነው። ሰው ገድሎ ታሰረ፤ እዚያው ሞተ። ቦታው ከእነሱ ጋር ነው፤ በጎን ልሥለው ስል ግን እጄ እምቢ አለኝ።»

ልጻፈው ብዬ ስለምናቸው ፈቀዱልኝ።

«ሥዕሉ የሚሰቀልበትን ደብር ስም ብቻ ተይው። ካህናቱ ካወቁ አንድ ዓይኑን ያጠፉበታል።»