ድስቱን የረሳሁ ዕለት የበላነው እራት

እኔ ዳቦ ከውስጥ ወደ ውጭ ጋግሬ አውቃለሁ። ምጣድ የለ፣ ድስት የለ፣ ቢላ እንኳ የለ። ጮቄ ተራራ ላይ፣ ነፋሱ ድንኳኑን እያርገበገበው፣ ለአራት ሰው የሚበቃ ትኩስ እራት በባዶ እጄ ሠርቼ አቅርቤያለሁ። እንደማታምኑኝ አውቃለሁ። የመሥሪያ ቤታችን ሻይ ክበብም እስከ ዛሬ አላመነኝም። ሻይ የምታፈላው ሴትዮ ሳትቀር ገና በር ላይ ስታየኝ «ዛሬስ የቱን ድንጋይ ልቀቅልልህ?» ትለኛለች። ይሳቃል። እኔም አብሬ እስቃለሁ። ከቃሌ ግን ንቅንቅ አልልም፤ አሁን ደግሞ በጽሑፍ አድርጌዋለሁ።

ሥራዬ ሹፌርነት ነው። ደብረ ማርቆስ ተቀምጬ የመሥሪያ ቤት መኪና እነዳለሁ፤ ምንጭና መንገድ የሚለኩ ሰዎችን ይዤ ገጠር እወጣለሁ፣ ድንኳን ተክለን ሳምንትም አሥር ቀንም እንሰነብታለን። እነሱ ይለካሉ፣ እኔ አበስላለሁ። አብስል ብሎ የቀጠረኝ የለም። ያስተማረኝም የለም፤ ትምህርቴ ስምንተኛ ክፍል ላይ አለቀ፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን ሁሉ፣ መኪናውንም፣ ጽሕፈቱንም፣ ወጡንም ራሴን ያስተማርኩት እኔው ነኝ። ለዚህም ነው ጎበዝ የወጣሁት።

ቤቴ ውስጥ ባለቤቴ ማድ ቤት አታስገባኝም። አንድ ጊዜ ሽንኩርት ላቁላላ ብዬ ገብቼ መጋረጃ አቃጠልኩ፤ መጋረጃው ከተቀየረ ስንት ዓመቱ፣ እገዳው ግን እስከ ዛሬ አልተነሣም። ሜዳ ላይ መጋረጃ የለም።

ሜዳ ላይ የሚበስል ምግብ ምን እንዳለው እኔን ጠይቁኝ። ቤት ውስጥ የሽንኩርት ሽታ ልብስ ላይ የሚጣበቅ ጣጣ ነው። ብርድ ባለበት ሜዳ ግን ያው ሽንኩርት ዘይት ሲነካ፣ ከወዲያ ሸንተረር ላይ የመለኪያ ዘንግ ይዞ የቆመው ሰውዬ አንገቱን ሲያዞር አያለሁ። ሽሮው ትንሽ ጭስ ጭስ ይላል፤ ጭስ ሸተተኝ ብሎ የመለሰልኝ ሰው ግን የለም። ደጀን ላይ፣ የዓባይ በረሃ ቁልቁል በሚታይበት አፋፍ፣ ቃሪያ በእሳት ለብልቤ ከቲማቲም ጋር በእጄ ጨፍልቄ ያበላኋቸው ጊዜ ነበር፤ የሄድንበትን ጉዳይ ሁላችንም ረስተነዋል፣ ቃሪያውን ግን እስከ ዛሬ ያነሡታል። ዲማ አጠገብ ደግሞ ሽንኩርት ስከትፍ ያዩኝ ገበሬዎች መንገዳቸውን ትተው ቆሙ።

«ምነው፣ ሴት አጣችሁ እንዴ?» አለኝ አንደኛው።

«አላጣንም። የእኔን ወጥ ከቀመሱ ወዲያ አፍረው ጥለውን ሄዱ» አልኩት።

ጋበዝኩት። ቀመሰና ዝም አለ። ዝም ማለቱን እንደ ምስጋና ቆጠርኩት።

ከእኔ ጋር ብዙ የወጣው ቀያሹ ነው። የደሴ ልጅ ነው፣ ሙስሊም ነው፣ ቀልድ ከአፉ አይጠፋም። ሥጋ በሚበላበት ቀን እንቸገራለን፤ እሱ እኛ ያረድነውን አይበላም፣ እኛም እሱ ያረደውን አንበላም፣ እኔ ሁለት ድስት ጥጄ በሁለት ማማሰያ ስሮጥ እውላለሁ። ረቡዕና ዓርብ ግን ጾም ነው፣ ሽሮው ለሁሉም ሽሮ ነው፣ አንድ ገበታ ከበን እንበላለን። የረቡዕና የዓርብ ወዳጅ የሆንኩት በጽድቅ እንዳይመስላችሁ።

ከዚያ አዲሷ ኢንጂነር መጣች። ከሐዋሳ ተመድባ ነው። ልጅ ናት፣ ትሑት ናት፣ ሥራ ላይ ግን ቀልድ አታውቅም። ገና በመጀመሪያው ሳምንት ቢሮዋ ጠራችኝ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ሲያበስሉ የሥራ ሰዓት ይሄዳል» አለች። «ውኃ መቅዳት፣ እንጨት መልቀም፣ ዕቃ ማጠብ። ብስኩትና የታሸገ ምግብ ይዘን ብንወጣ ይቀላል።»

«ኢንጂነርዬ፣ ብስኩት እኮ የታማሚ ምግብ ነው።»

ፈገግ አላለችም። «እሺ፣ በጮቄው ጉዞ ልይዎት። በሰዓቱ ትኩስ ምግብ ከቀረበ ይቀጥሉ። ካልሆነ ግን ከሚቀጥለው ጀምሮ ደረቅ ምግብ እንይዛለን፣ እርስዎም መኪናውን ብቻ።»

መኪናውን ብቻ። ይቺ ቃል ሆዴ ገባች። መንዳት እንጀራዬ ነው፤ ሜዳ ላይ ማብሰል ግን ደስታዬ ነው፣ ሌላ ቦታ የማላገኘው። ቤት ታግጃለሁ፤ ሜዳውንም ከተከለከልኩ እነዚህን እጆች ምን ላድርጋቸው?

ጥቅምት ውስጥ፣ ረቡዕ ማለዳ ተነሣን። ከመነሣታችን በፊት የንብረት ክፍሉ ሰውዬ በረንዳ ላይ አገኘኝና «ምን ልታበላቸው ነው?» አለኝ። ይህን የሚጠይቀኝ ሰው ካገኘሁ መቆሚያ የለኝም። ድስቱ፣ መጥበሻው፣ ቢላውና ሳህኑ ያለበትን ሳጥን ይዤ ነበር፤ መሬት አስቀመጥኩት፣ ምክንያቱም ሳወራ ሁለቱም እጆቼ ያስፈልጉኛል። አወራሁ። ሽሮው እንዴት እንደሚንተከተክ በጣቶቼ ሳይቀር አሳየሁት። ቀያሹ ከመኪናው ውስጥ ክላክስ አደረገብኝ፣ ሮጬ ገባሁ፣ ነዳሁ።

ጮቄ ላይ ድንኳን ተከልን፣ እነሱ ሲለኩ ዋሉ። ከሰዓት በኋላ የመኪናውን የኋላ በር ከፈትኩ። የሽሮው ከረጢት አለ፣ የስንዴ ዱቄቱ አለ። ድንቹ፣ ሽንኩርቱ፣ በርበሬው፣ ጨውና ዘይቱ አለ። ሳጥኑ የለም።

«ምን ጠፋህ?» አለኝ ቀያሹ።

«ሳጥኑ ዛሬ ዕረፍት ወጥቷል።»

«የት?»

«በረንዳ ላይ።»

መጀመሪያ ሳቀ፤ ከዚያ የኢንጂነሯን ድንኳን አየና ሳቁን ዋጠው። እሷም ሰምታለች። ከቦርሳዋ የብስኩት እሽግ አወጣችና ጫፉን ቀደደች። ያ የላስቲክ ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ።

የአገሩ ቄስ ምንጮቹን ሊያሳዩን አብረውን ወጥተው ነበር። ሽማግሌ ናቸው፤ ቤታቸው ከተራራው ሥር ነው፣ ሁለት ሰዓት ያስኬዳል።

«ልጄ፣ ወርጄ ድስት ላምጣልህ» አሉኝ።

«አባ፣ እርስዎ ድስት ተሸክመው ይህን ዳገት ሲወጡ ከማይ ሳልበላ ባድር ይሻለኛል» አልኳቸው። እውነቱን ለመናገር፣ ድስት መለመን ሞት ሆኖብኝ ነው። ድንኳኑ ድረስ እንዲሰማ ድምፄን ከፍ አድርጌ «ዛሬ ያለ ድስት ነው የምንበላው» አልኩ።

ያሰብኩት ብርኩታ ነበር። በወጣትነታቸው በቅሎ ጭነው አገር ያቋረጡ አንድ ሽማግሌ ጉንደ ወይን ላይ አጫውተውኛል። መንገደኛ ምጣድ አይሸከምም፤ ድንጋይ ያግላል፣ ሊጥ ያለብሰዋል፣ ረመጥ ላይ ያገላብጠዋል። ድንጋዩ ከውስጥ፣ ረመጡ ከውጭ ሆነው ያበስሉታል። ሰምቼው እንጂ ሞክሬው አላውቅም። ይህን ግን ለማን ልንገር?

ኩበትና አስታ ከሚባለው የደጋ ቁጥቋጦ የደረቀ ጭራሮ ለቃቅሜ እሳት አነደድኩ። ድንቹንና ሽንኩርቱን ከነልጣጩ ረመጥ ውስጥ ቀበርኩ። ሊጥ ማቡኪያ ሲጠፋ ዙሪያዬን ቃኘሁ። የኢንጂነሯ ካርታ ላስቲክ የለበሰ ነው፣ ሰፊ ነው፣ ንጹሕ ነው። ዘረጋሁትና ዱቄቱን አፈሰስኩበት።

«አንተ ሰውዬ፣ ያ እኮ ካርታ ነው» አለ ቀያሹ።

«ዛሬ ገበቴ ነው።»

«ሦስተኛውን ምንጭ በሊጥ ደፈንከው።»

«ውኃ ያለበትን ቦታ መርጬ ነው ያቦካሁት።»

ለድንጋይ ወደ ጅረቱ ወረድኩ። ክብ፣ ልሙጥ፣ ታጥበው የተቀመጡ የሚመስሉ አራት ድንጋዮች መረጥኩ። በንጽሕናቸው ኮራሁ። እሳቱ ውስጥ ከተትኳቸው። ጥቂት ቆይቶ የመጀመሪያው ጧ ብሎ ፈነዳ፤ ረመጡና ሁለት ድንች ወደ ሰማይ ወጡ። ቀያሹ መለኪያውን እንደ ሕፃን አቅፎ መሬት ላይ ተኛ። ሁለተኛው ተከተለ፣ አንዲት ስባሪም የኢንጂነሯን ድንኳን በስታ ወጣች። ደግነቱ ሰው አልተነካም።

«ወላሂ» አለ ቀያሹ ከተኛበት ሳይነሣ፣ «እራቱን እንበላለን ስል እራቱ እኛን ሊበላን ነው።»

ኢንጂነሯ የድንኳኑን ቀዳዳ በጣቷ ነካካችው። «ጋሼ፣ ይበቃል» አለች፣ ሳትቆጣ። «ብስኩት አለ፣ ለሁላችንም ይሆናል።»

ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ያበሸቀኝ ማዘኗ ነው። «ፀሐይ ሳትጠልቅ ትኩስ ዳቦ ካላበላሁሽ፣ ራሴ ጽፌ ፈርሜ እሰጥሻለሁ» አልኳት። «መኪናውን ብቻ ብለሽ አትድከሚ፤ እኔው እለዋለሁ።»

ሰዓቷን አየች። «እሺ፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ።»

ቄሱ ከሳቃቸው ጋር እየታገሉ ወደ እኔ ቀረቡ። «ልጄ፣ የጅረት ድንጋይ ውኃ ውስጥ የኖረ ነው፤ ሲግል ውኃው መውጫ ያጣል። አንተን የሚሆንህ እሳት የለመደ ድንጋይ ነው» አሉኝ። የጉንደ ወይኑ ሽማግሌም ይህን ነግረውኝ ይሆናል። እኔ ያን ጊዜ እያወራሁ ይሆናል።

ከድንኳናችን ዝቅ ብሎ የፈረሰ ጎጆ አለ። የቄሱ ወንድም ቤት ነበር፤ ብርዱን ሸሽቶ ወደ ቆላ ከወረደ ሰንብቷል። ጣሪያው በግማሽ ስለቆመ ምድጃው ዝናብ አላገኘውም፣ ሦስቱ ጉልቻዎች ጥላሸታቸውን እንደለበሱ ተቀምጠዋል። አንደኛው ተሰንጥቋል። ቄሱ እሱን አነሡ፣ ትንሽ አሰብ አደረጉ፣ ከዚያ ድንጋይ ላይ ጣሉት። ቡጢ ቡጢ የሚያካክሉ አራት ስባሪዎች ወጡት።

«ወንድሜ ቢያይ ይስቃል» አሉ። «ሚስቱ ግን አትስቅም።»

ስባሪዎቹን እሳት ውስጥ ከተትን። ቀያሹ ከመኪናው ጀርባ ተከልሎ በየደቂቃው «ፈነዱ?» ይለኛል። አልፈነዱም። ግለው ጥላሸታቸው ነጣ። በሁለት ጭራሮ እያነሣሁ ሊጡን አለበስኳቸው፤ ሊጡ ሽሽ እያለ ድንጋዩን ያዘው። ጣቶቼ ተለበለቡ፣ ፊቴ ላይ ግን አላሳየሁም። አንድ ዓይኔን ረመጡ ላይ፣ አንድ ዓይኔን ፀሐይዋ ላይ አድርጌ አገላበጥኩ። ሽታው ወጣ። ያንን ሽታ እንዴት ብዬ ልንገራችሁ፤ የስንዴ ዳቦ፣ የአስታ ጭስና ብርድ አንድ ላይ ሲሸቱ አስቡት። ቀያሹ ከመኪናው ጀርባ ወጣ። ፀሐይዋ ሸንተረሩን ስትነካ የመጀመሪያውን ብርኩታ በጥፍሬ መታሁት፣ ኳ ኳ አለ።

ከረመጥ የወጣ ሽንኩርት ግርጌውን ስትጫኑት ልቡ ተስፈንጥሮ ይወጣል፣ ልጣጩ ሲኒ ሆኖ ይቀራል። በአራት የሽንኩርት ሲኒ በርበሬ በዘይትና በጨው በጠበጥኩ። ድንቹን ከነአመዱ መሐል ላይ ደረደርኩ። ቄሱ ባረኩ፣ ቀያሹ ቢስሚላህ አለ፣ ረቡዕ ነው፣ ሁሉም ለሁሉም ይሆናል።

ኢንጂነሯ ብርኩታዋን ስትገምሰው ድንጋዩ ከነእንፋሎቱ ብቅ አለ። ድንጋዩን አየችው፣ ዳቦውን አየችው። በርበሬውን አጠቀሰች። በላች። ድንጋዩ ላይ የተጣበቀችውን ሳይቀር ልጣ በላች። ከዚያ የብስኩቱን እሽግ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ መለሰችና እጇን ዘረጋች።

«ጋሼ፣ ሌላ አለ?»

«አለ» አልኩ፣ የራሴን ሰጠኋት። ሙሉውን። እኔ ድንች በላሁ። እንደዚያ የጣፈጠኝ ድንች የለም።

ቀያሹ አፉን ሞልቶ «ነገስ ምን ታፈነዳልናለህ?» አለኝ።

ከተማ ስንመለስ ለሚቀጥለው ጉዞ የሞላችውን ቅጽ አየሁት። «ምግብ» ከሚለው ፊት ለፊት «ደረቅ» የሚለውን ሰርዛ «በሹፌሩ» ብላ ጽፋለች፣ ፈርማበታለች። ለእኔ ያለችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ሳጥኑን ግን እኔ ራሴ እጭነዋለሁ።» ትጫን። አራቱ ስባሪዎች ከሹፌር መቀመጫዬ ሥር ናቸው። ድስቱን የሚወስድ ይውሰድ፣ እነሱ በንብረት ዝርዝር ውስጥ የሉም።

ሳጥኑን በረንዳ ላይ ያገኘው የንብረት ክፍሉ ሰውዬ ግን ከእኔ ቀድሞ ሻይ ክበብ ደርሷል። «ብስኩት በልተው መጡ» አለ፤ ሁሉም እሱን አመነ፣ ሳጥኑ ማስረጃው ነዋ። ማስረጃ ከተባለ እኔም አለኝ። ቀያሹን ጠይቁት፤ መጀመሪያ ይስቃል፣ ስቆ እስኪጨርስ ጠብቁት። ጮቄ ውጡና ቄሱን ጠይቁ፤ ወደ ፈረሰው ጎጆ ይውሰዷችሁ፣ ጉልቻዎቹን ቁጠሩ፣ ሁለት ናቸው። ኢንጂነሯ ብዙ አታወራም፤ ካርታውን ብቻ አውጪልን በሏት። ጠርዙ ላይ፣ ላስቲኩ በተላጠበት በኩል፣ ሦስተኛው ምንጭ በደረቀ ሊጥ ተሸፍኗል፤ ፍቃ ፍቃ አልለቅ ብሏታል። ያ ሊጥ የማን ነው ብላችሁ ጠይቋት።