በ«ተልኳል» እና በ«ደርሷል» መካከል

ሥራ የጀመርኩ ቀን ኮምፒውተር አልተሰጠኝም። የሶፍትዌር ድርጅታችን ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ውስጥ አንድ አሮጌ ቪላ ተከራይቶ ነበር። ኃላፊው ከማል ስልኩ አጠገብ አስቀመጠኝና «ዛሬ ኮድ አትጽፊም፤ ደንበኛ ሲቆጣ ትሰሚያለሽ» አለኝ። መጀመሪያ የደወለው ባለ ፋርማሲ «ይሄ አፕሽ ዝም ብሎ ይሽከረከራል» አለ። ኔትወርኩ ተቋርጦ እንደሆነ ላስረዳው ስጀምር «እኔ የገዛሁት አፕ ነው፣ ኔትወርክ አልገዛሁም» ብሎ ጆሮዬ ላይ ዘጋው።

በገንኩ። ሰውየው ግን ልክ ነበር። ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታት፣ ከጀማሪነት እስከ ከፍተኛ ዴቨሎፐርነት፣ ብዙ የደከምኩበት ነገር የኔትወርክ ክላይንት መምረጥ ነው። ክላይንት የምንለው አፑ ውስጥ ተቀምጦ ከሰርቨር፣ ከዋናው ኮምፒውተር ጋር የሚነጋገረውን ክፍል ነው። መልእክት ይወስዳል፣ መልስ ያመጣል። ዴቨሎፐር ከባዶ አይጽፈውም፤ ከተዘጋጁት አንዱን መርጦ ያስገባል። አብዛኛው ሰው የሚመርጠው ጓደኛው የተጠቀመበትን ነው፣ ነገሩ እዚያ ላይ ያልቃል።

እኔን ከሁሉም በላይ ያጨቃጨቀኝ ምርጫ የጎርፍ ማስጠንቀቂያው አፕ ነው።

ከተማችንን አቋርጦ የሚያልፈው የደቻቱ ወንዝ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው። ሰው ያቋርጠዋል፣ ይነግድበታል። የመጋላ ሰፈር ነጋዴዎች ኮሚቴ ወደ ቢሯችን የላካት ሞሚናም አሸዋው ላይ አትክልት የምትሸጥ ሴት ናት። «ውሃው የሚመጣው እዚህ ዘንቦ አይደለም» አለችን። «እዚህ ፀሐይ ያቃጥልሻል፣ ላይ ተራራው ላይ ይዘንባል። ድምፁን ከሰማሽ በኋላ ልጅሽን የምታነሺበት ጊዜ አይኖርሽም።» የፈለጉት ከላይ ያለ ሰው ጎርፍ ሲያይ ስልኩን ነክቶ ታች ያሉትን የሚያስጠነቅቅበት አፕ ነበር።

ባልደረባዬ ቢንያም ወዲያው አንድ ክላይንት መረጠ። ታዋቂ ነው፣ ፈጣን ነው፣ ኔትወርክ ሲጠፋ መልእክቱን ስልኩ ውስጥ አስቀምጦ ሲመለስ በራሱ ይልካል። ዋይፋዩን እያጠፋን እያበራን ሞከርነው፤ እንከን አልወጣለትም። ከማል «በቃ፣ ይሄ ነው» አለ። እኔ ተራራው ላይ ሳይሞከር አይሆንም አልኩ።

ጠባቂ እንዲሆን የተመረጠው ጣሂር ከወንዙ በላይ ማሽላ የሚያርስ ጎልማሳ ነው። ጠዋት ሙከራ እንደምናደርግ ለሞሚና ነግረን ወደ እሱ ወጣን። ጣሂር ቁልፉን ነካ። ስክሪኑ «ተልኳል» አለ። ስልኩን ኪሱ ከተተና ወደ ማሳው መንገድ ጀመረ።

«ወዴት ነው?» አልኩት።

«ተልኳል ይላል እኮ። ሰምተዋል ማለት ነዋ።»

የራሴን ስልክ አየሁ። ኔትወርክ የሚባል ነገር አልነበረም። መልእክቱ ከጣሂር ኪስ አልወጣም።

ይባስ ብሎ ከሰዓት በኋላ፣ እኛ ከተማ ከገባን ወዲያ፣ ጣሂር ለራሱ ጉዳይ ወደ ከፍታው ብቅ ሲል ስልኩ ኔትወርክ አገኘና የጠዋቱ መልእክት እንደ አዲስ ሄደ። ሞሚና ሙከራው ቀርቷል ብላ ትታው ነበር። አሸዋው ላይ የነበሩት ሁሉ ዕቃቸውን ጥለው ሮጡ። ቢሯችን መጥታ በሩ ላይ ቆመችና ከማል ላይ አፈጠጠች። «ዋርያ፣ ዛሬ በባዶ ሜዳ ካስሮጣችሁን እውነተኛው ሲመጣ ማን ይሮጣል? ወላሂ እኔም አልሮጥ።»

እኔ ያን ዕለት ወሰንኩ። ሌላ ክላይንት ነበረ፤ አሮጌ፣ ምንም ጌጥ የሌለው። ይልካል፣ የሰርቨሩን መልስ ይጠብቃል፣ መልስ ካጣ እንዳልሆነ ይናገራል፤ ሌላ ሙያ የለውም። የቀረውን እኛ እንጽፋለን አልኩ። የቆየ መልእክት ይሰረዛል። «ደርሷል» የሚለው ቃል የሚወጣው ታች ያለ ሰው «ሰማሁ» የሚለውን ሲነካ ብቻ ነው። እስከዚያ ስክሪኑ በቀይ «አልደረሰም» ይላል።

ቢንያም የእሱን ክላይንት ማስተካከል ይቻላል አለና አብረን ሞከርን። ክላይንቱ መልእክቱን መረከቡን ይነግረናል። የት እንደወደቀ ግን ልናውጣጣው አልቻልንም። በመጨረሻ ራሱ ቢንያም ከፕሮጀክቱ አወጣው።

ከማል ግን አልተዋጠለትም። «አቦ፣ ኮሚቴው ፊት ቆሜ ‹አልደረሰም› የሚል አፕ ላሳይ? ይስቁብናል።»

«ይሳቁ።»

«ሥራውን ሌላ ድርጅት ይወስደዋል።»

«ይውሰደው። እኔ የሚዋሽ አፕ ለሞሚና አልሰጥም።»

«አንቺ እንደሆነ ከያዝሽ አትለቂም» አለ። «ሥሪው እንግዲህ።»

ኮሚቴው ፊት በእርግጥ የሳቀ ሰው ነበረ። ሞሚና አልሳቀችም። «ቢያንስ አይሸነግለንም» አለች።

ክረምት ገባ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ የድሬ ሰማይ ጠርቶ ሙቀቱ ባፈነን ሰዓት፣ ስልኬ ላይ ማስጠንቀቂያው ጮኸ። ሞሚና «ሰማሁ» ብላ ነክታ ነበር። ባጃጅ ይዤ ወንዙ ዳር ስደርስ አሸዋው ላይ ሰው አልቀረም። ብዙም ሳይቆይ ደፍራሹ ውሃ እየጮኸ መጣና የሞሚናን ዳስ ከነቋሚው ነቅሎ ወሰደው። እሷ ልጇን ይዛ አጠገቤ ቆማ ታየዋለች። እጇን ያዝኩና አለቀስኩ፤ ማንንም አላፈርኩም።

ማምሻውን ጣሂር ደወለ። «ያ ቀዩ ጽሑፍ አበገነኝ» አለ። «ነካሁት፣ አልደረሰም። ወደ ላይ ወጣሁ፣ አልደረሰም። በዝናብ ተራራው ጫፍ ላይ ስወጣ ነው ደርሷል ያለኝ። መጀመሪያ ላይ ተልኳል ብሎኝ ቢሆን እኮ ቤቴ ገብቼ ነበር።»

ክላይንት ስትመርጡ ፍጥነቱን በኋላ ለኩ። መጀመሪያ ኔትወርክ የሌለበት ቦታ ውሰዱትና ስልኩን ለያዘው ሰው ምን እንደሚለው አንብቡ።