ሰላምታ የተማረው ላፕቶፕ

ሰላምታ ሲረዝም የሚያንገበግበኝ ሰው ነበርኩ። ነገሌ ተወልጄ፣ አባቴ በሱቁ ደጃፍ ከቦረና ደንበኞቹ ጋር ስለ ዝናቡ፣ ስለ ከብቱና ስለ ልጆቹ ሲጠያየቅ እየሰማሁ አድጌ፣ እኔ ግን በኦሮምኛ «አካም?» ብዬ «ናጋ»፣ ሰላም ነው፣ ከተባልኩ በቃኝ፣ እግሬ መንገድ ጀምሯል። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይለኝ ነበር አባቴ። እኔም ለመልቀምም ቢሆን ቸኩዬ ነው የምለቅመው እለዋለሁ።

ያኔ በአንድ የጤና ፕሮጀክት የኮምፒውተር ሠራተኛ ነበርኩ። ላፕቶፔን ይዤ በሻኪሶ፣ በክብረ መንግሥትና በነገሌ ቢሮዎቻችን እዞራለሁ። የሦስቱንም ቢሮ መስመር የዘረጋው የተለያየ ሰው ስለነበር የኔትወርክ ቁጥራቸው ለየቅል ነው፤ ሻኪሶ ላይ የሠራው ነገሌ ላይ እንቢ ይላል። ስለዚህ ከተማ በቀየርኩ ቁጥር አዲሱን ቁጥር በእጄ እጽፋለሁ። እንዳልረሳቸው ሦስቱንም በፕላስተር ላይ ጽፌ ላፕቶፑ ሆድ ላይ ለጥፌያቸው ነበር።

የክትባት ጥያቄ በየወሩ አንድ ሐሙስ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት በፊት ሐዋሳ መድረስ አለበት። ካልደረሰ መኪናው የእኛን ድርሻ ሳይጭን ይነሳል። ከሦስቱ ቢሮ አሰባስቤ የምልከው እኔ ነኝ። በአንዱ ሐሙስ ከሻኪሶ ነገሌ ስገባ የፕላስተሩን ጽሑፍ አቧራና ላብ በልቶታል። ማንንም ሳልጠይቅ ከጭንቅላቴ ጻፍኩ። የጻፍኩት ግን የቢሮውን ዋና ኮምፒውተር ቁጥር ኖሯል። ሁለት ኮምፒውተሮች በአንድ ቁጥር መጠራት ሲጀምሩ የቢሮው መስመር ተበጣበጠ። ጥያቄውን በቃል እንዳልነግራቸው ስልክም በዚያ ሰሞን ተቋርጦ ነበር። ጥፋቴን አግኝቼ ሳስተካክል ስድስት ሰዓት አልፏል።

በክትባቱ ቀን እናቶች ከገጠር በእግራቸው መጡ። የኩፍኝ ክትባት ግን አልነበረም። አንዲት ቢጫ ሻሽ ያሰረች እናት ልጇን እንዳዘለች በር ላይ አገኘችኝና ለምን እንደሌለ ጠየቀችኝ። «የሚመጣው ወር» ብያት አለፍኩ። ሰላም እንኳ አላልኳትም። አፍሬ ነበር፤ ሳፍር ደግሞ ይብስብኛል ችኮላው።

በማግሥቱ ጠዋት ከቢሮው ዘበኛ፣ ከአንድ የቦረና ሽማግሌ አጠገብ ተቀምጬ ላፕቶፑን እየረገምኩ ነበር።

«ይሄ ማሽን እኮ የት እንዳለ አያውቅም፣ አባባ! ነገሌ ቁጭ ብሎ ሻኪሶ ያለ ይመስለዋል።»

«ታዲያ አይጠይቅም?» አሉኝ። «እኛ የሰው መንደር ስንደርስ ጉዳያችንን አናወራም። ቆመን አካም እንላለን። የመለሰልን ሰው ነው የማን ደጅ እንደሆነ የሚነግረን። ያንቺ ማሽን ልክ እንዳንቺ ነው ልጄ። ሰላም ሳይል ይገባል።»

ስድቡ እንኳ አልቆጠቆጠኝም። ብድግ ብዬ ጉልበታቸውን ሳምኩና ወደ ውስጥ ሮጥኩ።

ሦስት ቀን ሙሉ ምግብም ወሬም አላስደሰተኝም። በየቢሮው ለላፕቶፑ ብቻ የሚሆን አንድ ቁጥር ለየሁለት፣ ከዚያ ትንሽ ፕሮግራም ጻፍኩለት። ገመድ ሲሰካበት መጀመሪያ የሻኪሶን ቁጥር ይይዝና የሻኪሶን ራውተር፣ የቢሮውን መስመር የሚያስተናግደውን ዕቃ፣ ይጠራል። ካልመለሰለት ያንን ጥሎ የክብረ መንግሥትን ይሞክራል፤ ቀጥሎ የነገሌን። መልስ ያገኘበት ከተማ ላይ ቅንብሩን አጽንቶ ይቀመጣል። የእኔ እጅ አያስፈልገውም።

በሚቀጥለው ወር ሐሙስ መኪናችንን ጭቃ ይዞት፣ ነገሌ ስገባ ለስድስት ሩብ ጉዳይ ነበር። የቢሮው ዋና ነርስ በር ላይ ቆማ ሰዓቷን ታያለች። ገመዱን ሰካሁ። ሻኪሶ፣ መልስ የለም። ክብረ መንግሥት፣ መልስ የለም። ነገሌ፣ መልስ ተገኘ!

እንዴት እንደጮህኩ! ነርሷ ጊንጥ የነደፈኝ መስሏት ጫማ ይዛ መጣች። ጥያቄው ሄደ፤ ብዙም ሳይቆይ «ደርሶናል» የሚል መልስ ከሐዋሳ መጣ። ነርሷን ከነጫማዋ አቅፌ ዘለልኩ። ዘበኛው በመስኮት አንገታቸውን አስገብተው «መለሰለት?» አሉኝ። «መለሰለት አባባ!» አልኩ እየሳቅኩ።

በክትባቱ ቀን ከእናቶቹ መሃል ቢጫውን ሻሽ ከሩቅ ለየሁት። ጀርባዋ ግን አይታየኝም፤ ልጇ ይኑርበት አይኑርበት አላወቅኩም። ደስታዬ ሁሉ እግሬ ሥር ወረደ። ያን ጊዜ ስለ ልጇ ሳልጠይቃት ያለፍኩት መልሱን ስለፈራሁ እንደሆነ የገባኝ አሁን ነው። ሄጄ ፊቷ ቆምኩ።

«አካም?» አልኳት።

«ናጋ።»

«ሎን ናጋ?» ከብቶቹስ ደህና ናቸው?

«ናጋ።»

በሕይወቴ የቀረኝን አንዱን ጥያቄ ያህል አዝግሜ የጠየቅኩት ነገር የለም።

«ኢጆሌን ናጋ?» ልጆቹስ?

ዞር አለችና በጀርባዋ ተኝቶ የሚያልበውን ልጅ አሳየችኝ።

«ናጋ» አለች።