ከካሜራው ጎን የሚቀመጡት ሴትዮ

ከካሜራው ጎን የሚቀመጡት ሴትዮ ሥራቸው አንድ ትዕይንት በተደጋገመ ቁጥር ሁሉም ነገር እንደነበረ መሆኑን መጠበቅ ነው። መነጽራቸው በክር ከአንገታቸው ይንጠለጠላል፤ ደብተራቸው ከጉልበታቸው አይወርድም።

አዲሷ ተዋናይት ከምሳ በኋላ የለቅሶውን ትዕይንት ልትቀጥል ስትል፣ ቀስ ብለው መጡና መሐረቡን ከቀኝ እጇ ወደ ግራዋ አዛወሩት።

"ኧረ ይተዉት እትዬ፣ ይህን ማን ያየዋል?" አለ ዳይሬክተሩ፣ ሰዓቱ እየሄደበት።

"ተመልካቹ ምን እንደተለወጠ ባያውቅም ማልቀሱን ያቆማል" አሉ።

የጠዋቱ ቀረጻ ተከፍቶ ሲታይ መሐረቡ እውነትም በግራ እጇ ነበር። ዳይሬክተሩ እየሳቀ "እጄን ሰጥቻለሁ" አለ።

በእረፍት ሰዓት ተዋናይቷ፣ ይህን ሁሉ እንዴት እንደሚያስታውሱት ልትጠይቃቸው ተከትላቸው ወጣች። ሴትዮዋ ግን ኮሪደሩ ላይ ስልክ እያናገሩ ነበር።

"እኔ ነኝ የኔ ጌታ፣ ሚስትህ ነኝ። አዎ፣ ተጋብተናል እኮ! ሠላሳ አንድ ዓመታችን ነው።"

ልጅቷ ባለችበት ቀረች። ከድምፃቸው ውስጥ ምሬት ፈልጋ አጣች። ሴትዮዋ ገና ዛሬ እንደተዋወቁት ሁሉ ፈገግ ብለው፣ ስማቸውን ቀስ አድርገው ነገሩት።